ፓርኪንሰን ላለበት ቤተሰብ፦ ጠበሉን፣ ቅጠሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን ከክኒኑ ጋር እንዴት ታስኬዱታላችሁ

ድሬ ላይ ቤት ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ካለ መድኃኒት አዋቂው ብዙ ነው። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ነርቭ ነው ይላል፣ ጎረቤት ማር በጥቁር አዝሙድ ይዛ ትመጣለች፣ የሐረሩ ዘመድ ደግሞ አንድ አዋቂ አለ ውሰዷቸው ብሎ በየሳምንቱ ይደውላል። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያመጣው ስለዚህ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ደግሞ ሁሉንም እምቢ ማለት አያስፈልግም። እኔ አባቴን ሳስታምም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ነገር ክኒኑን ይነካዋል ወይስ አይነካውም? የማይነካውን እሰይ ብላችሁ ተቀበሉ፣ የሚነካውን ሰዓቱን አራርቁት፣ «ክኒኑን ጣሉትና ይሄን ብቻ ውሰዱ» የሚለውን ግን ከበር መልሱት።

ለምን ብትሉ፣ ፓርኪንሰን ማለት ዶፓሚን የሚባለውን፣ ሰውነት እንደልብ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገውን ቅመም የሚሠሩት የአንጎል ሴሎች ቀስ እያሉ እየሞቱ ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው ክኒን አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል፣ መንቀጥቀጡን፣ መድረቁን፣ መዘግየቱን ያላላል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም። የሚያቆም ነገር እስካሁን የለም፣ ከፋርማሲም ከቀፊራ ገበያም። ስለዚህ «በአርባ ቀን ነቅሎ ያወጣዋል» ያላችሁን ሰው ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት፣ ብሩ ኪሳችሁ ይቅር። ክኒኑን በአንዴ ማቆም ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ሰውነት እንደ እንጨት ድርቅ ይላል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል።

አሁን ባቄላ። እሱ እውነተኛ ነገር አለው አቦ። ሌቮዶፓ ራሱ በተፈጥሮ ባቄላ ውስጥ አለ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1913 መጀመሪያ ተለይቶ የወጣውም ከባቄላ ነው። በብዛት ያለው እሸቱ ላይ ነው፣ ከነገለባው፣ የደረቀው ላይ ያንሳል። እና አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ በቃ ክኒን ለምን እንገዛለን ይላል፣ ችግሩ አንዱ እሸት ከሌላው አይመሳሰልም፣ ዛሬ ስንት እንደወሰዱ ነገ ስንት እንደሚወስዱ አታውቁም። ክኒኑ ላይ ብዙ እሸት ሲደረብበት ደግሞ ሰውየው ያለፈቃዱ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሲነሳ ያዞረዋል። ባቄላ በልቶ ሽንቱ የሚጠቁር ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ሰውም አለ፣ ቤተሰብ ውስጥ እንደዚህ ያጋጠመው ካለ ጭራሽ ይቅርባችሁ። ሌላው እንደ ምግብ ይብላ፣ እንደ መድኃኒት ግን አይቁጠረው።

ከባቄላ በላይ ልፋታችሁን ከንቱ የሚያደርገው የምግብ ሰዓት ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ሌቮዶፓ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መንገድ ይሻማበታል፣ ሥጋም ይሁን ወተት፣ ምስርም ይሁን ሽሮ፣ ጾም ነው ብሎ መዘናጋት የለም። ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ወይም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታችሁ በውሃ ስጡ፣ በሆጃ አይደለም፣ ሆጃው ወተት አለበት። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ደረቅ ዳቦ ቁራሽ ይበቃል። የደም ማነስ ክኒን ማለትም አይረን የሚወስዱ ከሆነም ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት። እኛ ቤት ስልኬ ላይ አላርም አለ፣ እናቴ ግን አዛንና ቅዳሴ ሰምታ ከአላርሙ በፊት ውሃ ቀድታ ትጠብቃለች።

ቀፊራ ቅጠል ተራ ስትገቡ ተጠንቀቁ። አንዲት እናት ጋ ለአባቴ እጅ ብዬ ስጠይቅ ደረቅ ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?» ስላቸው «አስተናግር ነው ልጄ፣ ትንሽ አፍልተህ ስጣቸው» አሉኝ። አስተናግር፣ አጤፋሪስ የሚሉትም አሉ፣ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል የሚባለው ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም፣ ድሮ አውሮፓም ሐኪሞች ለዚሁ በሽታ ከሱ ዘመድ ዕፅ ይሰጡ ነበር፣ አርቴን የሚባለው ክኒንም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚሠራው። ግን መርዝ ነው። ሽማግሌ ሰው ላይ ሌሊት የሌለ ሰው ያሳያል፣ ያስለፈልፋል፣ ሽንት ይዘጋል። አመስግኜ ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥቁር አዝሙድና ማር እንደ ምግብ በልኩ ከሆነ ችግር የለውም፣ የስኳር በሽታ ካለ ማሩን ተዉት። አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ የስኳር መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ሐኪም ሳይሰማ አታብዙት። ተልባ ደግሞ እኔ የምወደው ነው ምክንያቱም ፓርኪንሰን ሆድ ያደርቃል፣ ሆድ ሲደርቅ ክኒኑም ቶሎ አይሠራም። የተወቀጠ ተልባ በብዙ ውሃ፣ ፓፓያ፣ እና በድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ውሃ። ተልባውን ከክኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት። ጫት በተቃራኒው ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል። የለመደን አባት በርጫ ከልክሎ ማስቀመጥ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ቢያንስ ቶሎ እንዲያበቃ አድርጉ፣ ጓደኞቻቸው ቤት ድረስ መጥተው ያጫውቷቸው፣ ጨዋታው ነው የሚጠቅማቸው።

ጠበልም ዘምዘምም ዱዓውም ሩቅያውም ይቀጥል። እምነት የሚያረጋጋውን ሰው ክኒን አያረጋጋውም፣ መንቀጥቀጥ ደግሞ በጭንቀት ይብሳል። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በግልጽ ተናግረው ነበር፣ ስለዚህ «ጠበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም» የሚላችሁ ካለ ይሄን ንገሩት። ቁልቢ ለታኅሣሥ 19 የምትወስዷቸው ከሆነ ክኒኑን እጃችሁ ላይ ያዙ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፣ ቦታው ደጋ ነው ጋቢ አትርሱ፣ ግፊያው ውስጥ ደግሞ አታስገቧቸው። ሲጠጡ ቁጭ አድርጋችሁ፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ጉንጭ በጉንጭ። አፍ ከፍቶ በጆግ ማፍሰስ ውሃው ሳንባ ይገባል፣ የዚህን በሽታ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገድለው እንዲህ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው።

ከሁሉም ነፃውና ጥሩው እንቅስቃሴና ምት ነው። አባቴ የጓዳው በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ የተለጠፈ ይመስል ቀጥ ይላሉ፣ ይሄ የበሽታው ፀባይ ነው፣ በር ላይ ይብሳል። አትጎትቷቸው፣ ይወድቃሉ። እኛ ነጭ ፕላስተር በርምጃ ርምጃ ርቀት ወለሉ ላይ በአግድም ለጠፍን፣ መስመሩን ተሻገር ሲባል አንጎል በሌላ መንገድ ያዛል፣ እግሩ ይነሳል። ፕላስተር በሌለበት አጨብጭቡ፣ «አንድ፣ ሁለት» በሉ፣ መንዙማም ይሁን መዝሙር ምት ያለው ነገር ክፈቱላቸው። ማታ ፀሐይ በረድ ስትል ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር በየቀኑ ማራመድ፣ ሲያወሩም ጮክ ብለው እንዲያወሩ ማድረግ፣ ድምፃቸው ስለሚሰልል። በዘይት ማሸት ጥሩ ነው ግን ወጌሻ አንገት እንዳይጠመዝዝ።

አንድ ከባህል ውጪ የሆነ ነገር፦ ሲያስመልሳቸው ፋርማሲ ሄዳችሁ ፕላሲል እንዳትገዙ፣ ሜቶክሎፕራማይድ ነው፣ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ በአንድ ቀን ሊያደርቃቸው ይችላል። ፓርኪንሰን አለባቸው ብላችሁ ሌላ ጠይቁ።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ቤት ያለውን ሁሉ፣ የዘይት ጠርሙሱንም፣ የቅጠል ጥቅሉንም፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ሊቆጣችሁ ይችላል፣ ይቆጣ፣ ዶዙን ሲያስተካክል ግን ምን ምን እንደሚወስዱ አውቆ ነው።