አውትሪች አራተኛው ወር ላይ እንዳይሞት፦ በገጠር ቀበሌ ወርኃዊ የክትባት ቀንን እንዴት ማዝለቅ ይቻላል?

አውትሪች፣ ማለትም ክትባቱን ይዞ ራቅ ወዳለ ጎጥ በየወሩ መሄድ፣ መጀመሩ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቀን ድንኳን ይተከላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከወረዳም ሰው ይመጣል። ጉዱ አራተኛው ወር ላይ ነው። ባነሩን ዝናብ በልቶታል፣ መኪናው ሌላ ሥራ ሄዷል፣ ሁለት ሰው ብቻ ሳጥን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል።

እኔ ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ስሠራ በጤና ጣቢያው ሥር አምስት ጤና ኬላዎች ነበሩ። በአሠራሩ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ያህል፣ አንድ ጤና ኬላ ደግሞ ለ5,000 ሰው ያህል የታሰበ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደርጎ ነው። ግን ቀበሌ ሲባል ሜዳ ላይ የተሰበሰበ ሰፈር እንዳይመስላችሁ። ከጤና ኬላው ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ጎጥ አለ። አራስ ልጅ አዝላ ያን ያህል የምትጓዝ እናት ብዙ አይደለችም። አውትሪች የሚያስፈልገው ለዚያ ጎጥ ነው።

1. ቀኑን ቁረጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ነው።

እኛ መጀመሪያ «በየወሩ ሦስተኛው ማክሰኞ» አልን። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ጎጡ ውስጥ ማክሰኞን ሦስተኛ ነው አራተኛ ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው አላገኘንም። ሰው ቀን የሚያውቀው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በገበያ ነው። ስለዚህ ቀኑን በታቦት ቁረጡት። ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27። እናትየው ካርዱን ማንበብ ባትችል እንኳ ሚካኤል መቼ እንደሚውል አይጠፋትም። በዓል ስለሆነ ባልም አያርስም፤ ትልልቆቹን ልጆች የሚያይላት ሰው ይገኛል። ከቀበሌያችን ግማሹ ሙስሊም ነበር፤ እነሱም የታቦቱን ቀን አሳምረው ያውቁታል። ብቻ 12 አርብ ላይ ሲውል ከጁምዓ በፊት ጨርሱ።

ያላሰብነው ሌላ ጥቅምም ነበረው። ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው የሚሰጠው። በአንዱና በሚቀጥለው መርፌ መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ማለትም 28 ቀን መኖር አለበት። የኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። «በሚቀጥለው ሚካኤል ተመለሽ» ስትሏት ሒሳቡ ራሱ ገጠመ ማለት ነው። ጳጉሜን ሲገባበት 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፤ ግድ የለም። ዘግይቶ የመጣ ልጅም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀምርም። ይህን ለእናቶቹ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። «ቀኑ አልፎብኛል፣ ይቆጡኛል» ብለው የሚቀሩ አሉ።

የትኛው ታቦት? የቀበሌው ደብር ታቦት ያልሆነው። ደብሩ ገብርኤል ከሆነ ገብርኤልን ተዉት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ንግሥ ነው። በእልልታና በከበሮ መሃል ልጇን የምታስወጋ የለችም። በወርኃዊው ቀንም ቢሆን ከሰዓት ማኅበር ያላቸው ስላሉ ሥራው የጠዋት ይሁን። ቀኑ ከገበያ ጋር ሲገጥም በማለዳ ወጥታችሁ የገበያው መንገድ ዳር ቁሙ።

ይህንን ሁሉ ግን ቢሮ ተቀምጣችሁ አትወስኑ። ቄሱን፣ ሼሁን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ ከሁሉም በላይ እናቶቹን ቡና ላይ ጠይቁ። ቦታውንም እነሱ ይምረጡት። እኛ የመረጥነው ትምህርት ቤት ነበር፤ እነሱ ዋርካው ሥር አሉ። ልክ ነበሩ።

2. የተቆረጠውን ቀን አትጠፉት

እኔ አንድ ጊዜ አጥፌዋለሁ። ጎርፍ አልነበረም፣ ወረርሽኝ አልነበረም። ስብሰባ ነበር። ሁለቱም ኤክስቴንሽኖች ስልጠና ተጠሩ፣ እኔም ስብሰባ ነበረብኝ። «በቃ ለ14 እናዛውረው» አልኩና በአንድ ገበያተኛ መልእክት ላክሁ። መልእክቱ አልደረሰም። እናቶቹ ሚካኤል ዕለት ዋርካው ሥር እስከ ቀትር ተቀምጠው ተመለሱ። አንዷ መንታ ነበራት፤ አንዱን አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ ነበር የመጣችው።

በ14 ስንደርስ ዋርካው ሥር ያገኘነው ሁለት ፍየልና አንድ ሽማግሌ ነው። «ቀናችሁ ከትናንት ወዲያ ነበር እኮ» አሉን፤ ሌላ ምንም አላሉም። በቀጣዩ ሚካኤል ከምንጠብቃቸው 19 ሕፃናት የመጡት 4 ነበሩ። የመንታዎቹን እናት ቤቷ ሄጄ ነው ያገኘኋት። ቡና አፈላችልኝ። ልጆቹን ግን አላወጣችልኝም። ያንን ለመጠገን አምስት ወር ፈጀብን።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ሦስት ስም መጻፍ ጀመርን፦ የምትሄደው ኤክስቴንሽን፣ እሷ ካልቻለች ጓደኛዋ፣ ሁለቱም ካልቻሉ ከጤና ጣቢያ አንድ ነርስ። «አንድ ሰው ይላካል» የሚባል ነገር አይሠራም። ስም ይጻፍ። ክትባት ባይኖር እንኳ ሰው ይሂድ። ነፍሰ ጡር ይመዝግብ፣ የልጆችን ክንድ ይለካ፣ ክትባቱ ለምን እንደጎደለ ፊት ለፊት ይናገር። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ማለትም መለኪያው ቀይ ላይ የሚያርፍ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ ጉዞው ባዶ አልነበረም።

3. መኪናውን እርሱት

በመኪና የተጀመረ አውትሪች መኪናው የቆመ ቀን ይቆማል። ሞተር ሳይክል ይሻላል፣ ቤንዚንና ጎማ እስካለ። እኔ ግን በቅሎ እመርጣለሁ። ለኪራይ የሚከፈለው ለጎጡ ሰው ስለሆነ ባለበቅሎው ራሱ ቀኑን ያስታውሳችኋል።

4. በረዶው

አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው ቫክሲን ካሪየር (ክትባት የሚያዝበት ቀዝቃዛ ሳጥን) ውስጥ አትክተቱት። ሰው ሁሉ ሙቀትን ሲፈራ ብርዱን ይረሳል። ፔንታና ፒሲቪ (የሳንባ ምች ክትባት) በረዶ ከሆኑ አለቀላቸው፤ ስታዩዋቸው ደህና ይመስላሉ፣ ግን አይሠሩም። አይስ ፓኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ላብ እስኪያወጣ ጠብቁ። አንስታችሁ ወዝውዙት። ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ደርሷል። ለዚህ ጊዜ ይበቃችሁ ዘንድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፤ አቋራጭ የለውም።

ብልቃጡ ላይ ያለውን የሙቀት ምልክት መንገድ ላይም ስትደርሱም እዩት። በክቡ ውስጥ ያለው ካሬ ቀለሙ ከክቡ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ወይም ከክቡ ይልቅ ከጠቆረ አይሰጥም።

ኩፍኝ ላይ ደግሞ ሁሌም የሚያጨቃጭቅ ነገር አለ። ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሥራው ቀደም ብሎ ካለቀም የተረፈው ይጣላል። ለአንድ ልጅ ብሎ ባለ 10 ዶዙን መክፈት ያሳሳል። ክፈቱት። «ዛሬ ሰው ስላነሰ በሚቀጥለው ወር» ተብላ የተመለሰች እናት እንደ መንታዎቹ እናት በሚቀጥለው ልጇን አታወጣላችሁም።

5. ከዋርካው ሥር ሳትነሱ ቁጠሩ

የመጣውን ሁሉም ይመዘግባል። እናንተ የቀረውን መዝግቡ። የቤተሰብ ማህደሩን ወይም ታብሌቱን ተዉትና (ታብሌት ጥሩ ነው፣ ቻርጅ ሲኖረው) በአንድ ተራ ደብተር ላይ ዛሬ መምጣት የነበረባቸውን ልጆች ስም ቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ያልመጣውን አክብቡ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ያሉትን ሴቶች ጠይቁ፦ «የእገሊት ልጅ የት ሄደ?» በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልሱን ታገኛላችሁ። አንዷ እናቷ ቤት ልትታረስ ሄዳለች፣ አንዱ አሞታል፣ አንዷ ባሏ ከልክሏታል። ይኸው ጥያቄ ጤና ኬላ ተቀምጣችሁ ቢሆን ሦስት ቀን ያስኬዳችኋል።

6. ብሩ

ፕሮጀክት ሲመጣ ሳሙና ማደል ጀምረን ነበር። ለካርድ ማሳያ አንድ ሳሙና። ሁለት ወር ሰልፉ አይጣል ነው። ሳሙናው ያለቀ ቀን ሰልፉም አለቀ። ክትባቱን ብለው ይመጡ የነበሩትም ሳይቀሩ «ሳሙናው የት ገባ? በላችሁት?» አሉን። ከዚያ ወዲህ በገዛ ኪሳችን ልንቀጥለው የማንችለውን ነገር አላደልንም።

ወጪው በጣም ትንሽ መሆን አለበት፦ የበቅሎ ኪራይ፣ የምሳ አበል፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ይህንን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት፣ ዕቅድ በሚሠራበት ጊዜ፣ ራሱን በቻለ መስመር አስገቡት። «ልዩ ልዩ» ውስጥ ከተደበቀ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢውን ስለሚጠቀምበት ቦርዱ ቢያንስ የበቅሎውን እንዲያጸድቅ ጠይቁ። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አትግዙ። ዕድሩ አለው፣ ያውሳል።

7. ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዝ ማዶ ያለውን ጎጥ ብዙዎች «እስከ መስከረም» ብለው ይተዉታል። እኛም አንድ ዓመት ትተነዋል። በመስከረም ደብተሩ ላይ ያከበብናቸውን ስሞች ብታዩ ታፍራላችሁ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ዘንቦ ወደ ማታ ይሞላል፤ ጠዋት ይጎድላል። ጎህ ሲቀድ ተሻግራችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ተመለሱ። መሻገሪያውን የሚያውቅ የጎጡ ጎልማሳ ሳይኖር እግራችሁን አታስገቡ። እሱ «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ከማዶ ሆናችሁም ቢሆን ለመጡት ተናገሩ።

ካሪየሩን በገመድ ከሰውየው ጀርባ ጋር እሰሩት። ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ይንሳፈፋል። ይህን ያወቅነው ግን 300 ሜትር ያህል ወደ ታች ቁጥቋጦ ይዞት ስናገኘው ነው።