ቲቪ ልትገዙ ነው? ሜትርና ፍላሽ ያዙ

የድሮው ቲቪያችሁ ስክሪኑ መስመር መስመር ማውጣት ከጀመረ፣ ወይ ጠቁሮ ድምፁ ብቻ ከቀረ፣ አዲስ ለመግዛት ስትወጡ ሜትርና ፍላሽ ያዙ።

ሜትሩ ለቡፌው ነው። የአሁኖቹ ቲቪዎች ብዙዎቹ እግራቸው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። 55 ኢንች ደግሞ ወርዱ 1 ሜትር ከ23 ገደማ ነው። እኔ ሳልለካ ገዝቼ አንዱ እግር አየር ላይ ቀረ። እስካሁን የቆመው በጣውላ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጣውላውን ዳንቴል አለብሰዋለሁ።

ፍላሹ ላይ ሙሉ ጥቁር ፎቶ፣ ሙሉ ነጭ ፎቶ እና በስልካችሁ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ጫኑ። ሱቅ ውስጥ የሚከፍቱላችሁ ቪዲዮ በማንኛውም ቲቪ ላይ ያምራል፤ ተመርጦ ነዋ! ነጩ ላይ የሞተ፣ ማለትም የማይበራ ነጥብና ጥላ ይታያል። ጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ይጋለጣል። ለዚህ መብራቱን አጥፉልኝ በሉ፣ አትፈሩ። የምስሉን ምርጫም ቀለም ከሚያጋንነው ‹ቪቪድ› ወደ ‹ስታንዳርድ› ቀይሩት። ቤት ስትገቡ የምታዩት እሱን ነው።

ካርቶኑ ላይ 4ኬ የሚል ጽሑፍ አይሸውዳችሁ። 4ኬ ቪዲዮ ያጫውታል ማለትና ስክሪኑ ራሱ 4ኬ ነው ማለት ይለያያል። ማኑዋሉ ላይ የስክሪኑ ነጥቦች ብዛት (ሪዞሉሽን) 3840 በ2160 የሚል ፈልጉ፤ 4ኬ የሚባለው እሱ ነው። 1366 በ768 ካለ ለ32 ኢንች ይበቃል፤ ለትልቅ ስክሪን ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ከሂሳቡ ላይ የስታብላይዘር ቀንሳችሁ አስቀምጡ። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ንቀሉ፣ ተመልሶ እስኪረጋ።