ሁዋ ሂን ለመሄድ ላሰባችሁ

ታይላንድ ሲባል ፑኬትና ፓታያ ብቻ ነው የሚወራው፣ እስቲ ሁዋ ሂንንም አስቡበት። ከባንኮክ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ረጋ ያለች የባህር ዳር ከተማ ናት፣ ጭፈራ ለሚፈልግ ብዙም አትሆንም፣ ለቤተሰብ ግን በጣም አሪፍ ነች። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሱቫርናብሁሚ ካረፋችሁ ባንኮክ መግባት ራሱ አያስፈልግም፣ ከኤርፖርቱ ቀጥታ የሚወስድ ባስ አለ።

ዋናው ነገር ቀኑን መምረጥ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የባንኮክ ሰው ግልብጥ ብሎ ስለሚመጣ ሆቴሉም ይወደዳል መንገዱም ይጨናነቃል፣ ስለዚህ ረቡዕ ወይ ሐሙስ ግቡና አርብ ማታ ሲካዳ ማርኬት ዞር ዞር ብላችሁ፣ የእጅ ሥራውን አይታችሁ በልታችሁ ቅዳሜ በጠዋት ውጡ።

አንድ ቀን ደግሞ ለፍራያ ናኮን ዋሻ ስጡልኝ። ከከተማው ወጣ ይላል፣ ዳገቱም ድንጋይ ስለሆነ በነጠላ ጫማ እንዳትሞክሩት። ፀሐይ በጣሪያው ቀዳዳ ገብታ ውስጥ ያለችውን፣ ለታይላንዱ ንጉሥ ቹላሎንግኮርን የተሠራች ትንሽ ማረፊያ ቤት የምታበራው ረፋድ ላይ፣ በኛ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ በጊዜ ተነሱ። ካኦ ታኪያብ የሚባለው ኮረብታ ላይ ከወጣችሁ ግን ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፣ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ!