በማብሪያ ማጥፊያና በሶኬት ዙሪያ የተጎዳ ግድግዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

በማብሪያ ማጥፊያ ወይም በሶኬት ዙሪያ ግድግዳው ሲፈረፈር፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጠቁር ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሰፋ ያለ ክዳን ገዝቶ መሸፈንን ነው። ክዳን የሚበቃው ግን ጉዳቱ ከልስን ሥራ ጉድለት ብቻ የመጣ እንደሆነ ነው። ከሙቀት ወይም ከውሃ የመጣ ከሆነ መሸፈኑ ምልክቱን ከዓይን ይሰውራል እንጂ መንስኤውን አያስቆምም፤ በተለይ ክረምቱ ብርቱ በሆነባት በባሕር ዳር ግድግዳውን አስቀድሞ በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል።

ክዳን ከመፈታቱ በፊት

ብሬከሩን ማውረድ ግዴታ ነው። አምፖሉን በማጥፊያው ማጥፋት አይበቃም፤ ወደ ማጥፊያው የሚመጣው ሽቦ አምፖሉ ቢጠፋም ኃይል አለውና። «አሁን መብራት የለም» ብሎ በመብራት መጥፋት ሰዓት ሥራ መጀመርም እጅግ አደገኛ ነው፤ ኃይሉ ሳይታሰብ ሲመለስ፣ ብሬከሩ ካልወረደ፣ የሠራተኛው እጅ ሽቦ ላይ እንዳለ 220 ቮልት ያገኘዋል። ቴስተሩ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞከር፤ ቀጥሎ ብሬከሩ ወርዶ በሚጠገነው ላይ ይሞከር፤ ለቤተሰቡም ብሬከሩን ማንም እንዳይነካ ይነገር።

ዙሪያው ጠቁሯል፣ ወይም ክዳኑ ቀልጧል

ከሁሉም አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው። ከሶኬቱ ቀዳዳዎች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቡናማ ጥላ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ክዳን ወይም ሲሰካ የሚንጫጫ መሰኪያ የሙቀት ምልክቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የላላ ብሎን ነው፦ የሽቦው ጫፍ በደንብ ካልታሰረ መገናኛው ይግላል፤ መጋሉ ደግሞ ብሎኑን ይበልጥ ያላላዋል።

በቤታችን ይህን ጉዳት ይበልጥ የሚያመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህም የተለመደው ባለ 16 አምፔር ሶኬት ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ይህ ጭነት ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ፣ ትንሽ የላላ ወይም ያረጀ ሶኬት ከነክዳኑ ይቀልጣል።

እንዲህ ያለውን ግድግዳ በጀሶና በቀለም ከመንካት በፊት ሶኬቱ በባለሙያ መለወጥ፣ የጠቆረው የሽቦ ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ተቆርጦ እንደገና መታሰር አለበት። ለምጣድ ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ መስመር፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ሽቦና በተመጣጣኝ ብሬከር ቢዘረጋ የሚሻል ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ ሽቦውን ሳይለውጡ ትልቅ ብሬከር መትከል ደግሞ እሳትን መጋበዝ ነው።

ቀለሙ ይነሣል፣ ነጭ ዱቄት ይወጣል

ቀለሙ ካበጠና ከተላጠ፣ ልስኑ በጣት ሲነካ ከረገፈ፣ በላዩም እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ከታየ መንስኤው እርጥበት ነው። ጉዳቱ ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ከጀመረ ውሃው ምናልባት ከጣሪያ ወይም ከኮርኒስ ወርዶ፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ ተከትሎ ቦክሱ ውስጥ፣ ማለትም ማብሪያ ማጥፊያው ወይም ሶኬቱ በሚታሰርበት በግድግዳው ውስጥ በተቀበረው ሣጥን ውስጥ፣ ገብቷል። ከወለሉ አጠገብ ባለ ሶኬት ዙሪያ ከሆነ ግን ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ከሶኬቱ ራቅ ባለ የዚያው ግድግዳ ክፍል ላይ አንድ ቁራጭ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፎ አንድ ቀን ማቆየት ነው። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል፤ በውጭ በኩል ከተገኘ ከክፍሉ አየር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መዝጋት ነው፤ ቆርቆሮውን፣ አሸንዳውንና ውሃ የሚቋጥረውን የግድግዳ ሥር ማስተካከል። ቀጥሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ በሐይቁ ዳር ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የቤቱ ሥር ሰማዩ ከጠራ በኋላም ለብዙ ጊዜ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ጥገናውን ለመስቀል በዓል ለማድረስ ከመቸኮል ይልቅ እስከ ታኅሣሥ ማዘግየት ይሻላል። ነጩ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ በውሃ ከታጠበ ጨውን መልሶ ወደ ልስኑ ያስገባዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጀሶ አይመከርም፤ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳልና በሲሚንቶ ልስን መሥራት ይገባል።

ውሃ ወደ ቦክሱ መግባቱ ከታወቀ፣ በውስጡ ያሉት መገናኛዎች ደርቀው እስኪታዩ ድረስ ያ መስመር እንዳይበራ።

ስንጥቅ ከጥጉ ይነሣል

ስንጥቁ ከክዳኑ ጥግ ተነሥቶ አጭር ከሆነና መሰኪያ ሲነቀል ሶኬቱ አብሮ ከተነቃነቀ፣ ቦክሱ በግድግዳው ውስጥ አልያዘም ማለት ነው። በብሎኬት ግድግዳ ቦክሱን አውጥቶ ጉድጓዱን ማጽዳት፣ በውሃ ማርጠብና በሲሚንቶ መልሶ ማሰር በቂ ነው።

የጭቃ ቤት ግን ሌላ እንክብካቤ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ ሲለጠፍ ለጊዜው ጠንክሮ ይታያል፤ ጭቃው በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲሸበሸብ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ እንደ ሳህን ይገነጠላል። እዚህ ቦክሱ በምስማር ከእንጨቱ ማገር ጋር መያያዝ፣ ክፍተቱም ከጭድ ጋር በደንብ በተቦካ ጭቃ መሞላት አለበት። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሁለተኛ ቀጭን ሽፋን ያስፈልገዋል።

በክዳኑ ዙሪያ ክፍተት ይታያል

ይህ ቦክሱ ሲገባ ግድግዳው ከልክ በላይ ስለተጠረበ የሚመጣ ነው፤ መሸፈንም የሚጠቅመው እዚህ ነው። ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በጨርቅ መጠቅጠቅ ግን አይገባም፤ ሽቦው ቢግል ቶሎ የሚቀጣጠለው እሱ ነውና።

የላላው ልስን በስፓቱላ ይነሣ፤ አቧራው ይጠረግ፤ ጠርዙ በትንሹ ይርጠብ፤ የቦክሱ አፍ ጀሶ እንዳይገባበት በፕላስተር ይሸፈን። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚይዝ እፍኝ በእፍኝ ብቻ ይበጥበጥ። ጥልቁ ክፍተት በሁለት ዙር ይሞላ፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይታሸት። ጠርዙን ከግድግዳው ጋር በትክክል ማስተካከል ካልተቻለ ከክዳኑ ሥር የሚገባ ሰፊ ሳህን መጠቀም ይቻላል፤ ለመግዛት ሲኬድ የድሮው ክዳን ይያዝ፤ 86 በ86 ሚሊሜትር የሆነው አራት ማዕዘንና ክቡ ቦክስ የሚፈልጓቸው ሳህኖች አይገጣጠሙምና። የእጅ እድፍ ለሚበዛበት ማብሪያ ማጥፊያም ይኸው ሳህን ይጠቅማል፤ ወይም ዙሪያው በዘይት ቀለም ቢቀባ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ሊጸዳ ይችላል።

ክዳኑ የሚታሰረው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ብሎኑም ክዳኑን እስኪይዝ ብቻ ይታሰር፤ ከዚያ በላይ ከተጠመዘዘ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ብሬከሩ ከተነሣ በኋላ ሶኬቱ በተለመደው ጭነት አንድ ሰዓት ያህል ሠርቶ ክዳኑ በእጅ ጀርባ ይነካ፤ ከሞቀ ወዲያው ጠፍቶ ባለሙያ ይጠራ።