መኪናዎ ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል? መጀመሪያ ይህን ያስተውሉ

ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት ንዝረቱ የት እና መቼ እንደሚመጣ ልብ ይበሉ። መካኒኩ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የፊት ጎማ ላይ ነው። ወንበሩና ወለሉ ከሆነ ግን የኋላውን ይጠርጥሩ። በሰዓት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ላይ ብቅ ብሎ ፍጥነት ሲቀንሱ የሚጠፋ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ መዛባት ነው፤ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አልተከፋፈለም። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ እንኳ ባላንስ ያዛባል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በደንብ አጥበው ይሞክሩት። ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ የፍሬኑን ዲስክ፣ ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ ከሆነ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰውን አክስል ያስፈትሹ።

ንዝረቱ በድንገት ከጀመረ ግን አደራ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ። የጎማ ቡሎን ላልቶ ወይም ጎማው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ጎማ ይቀየራል እንጂ አይነዳም።