ሚኒባስህ ላይ ፍሪጅ ከማስገጠምህ በፊት ዲናሞውን አስላ

ከባህር ዳር ዓሣ ጭነህ ጎንደር ለማድረስ ሚኒባስህ ላይ ፍሪጅ ማስገጠም አማረህ እንበል። ወይ ደግሞ ጢስ ዓባይ ለምታመላልሳቸው ቱሪስቶች ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ የሚያደርግ ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ)። መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈትና ዲናሞው (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ላይ የተጻፈውን አንብብ። 12 ቮልት 70 አምፔር ቢል እንዳትሸወድ፤ 70 የምታገኘው ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ) ቆመህ፣ ዲናሞውም በሚያዝያ ፀሐይ ግሎ፣ ግማሹን ከሰጠህ ተመስገን በል። ስለዚህ በ35 አስላ።

ስሌቱ ቀላል ነው፣ ዋቱን ለ12 አካፍለው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራት 9 አምፔር ገደማ ይበላል። ቤንዚን መኪና ከሆነ ሞተሩ ራሱ ለካንዴላና ለነዳጅ ፓምፕ 10 ገደማ ይፈልጋል፣ የውስጥ ማራገቢያው ሌላ 10፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያ አለ። 35ቱ አለቀ እኮ! ባለ 60 ዋት ፍሪጅ 5 አምፔር ነው፤ ትንሽ ቢያልፍም ወደ ወረታ ስትወጣ ሞተሩ ያካክሰዋል። ባለ 300 ዋት ኢንቨርተር ግን ሙሉ ሲጫን፣ ራሱ የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 30 አምፔር ይጠጋል፣ ቆመህ ከሠራህበት የሚከፍለው ባትሪው ነው።

ትልቅ ባትሪ ግዛ የሚሉህን አትስማ። ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም።

ቴስተር ካለህ ባትሪው ላይ ለካ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ጥሩ ነው (አዳዲሶቹን ኮምፒውተር ስለሚቆጣጠራቸው ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል)። ከዚያ ሁሉንም አብራና በሚኒሞ ድጋሚ ለካ፤ ከ13 በታች ከወረደና እዚያው ከቀረ ባትሪህ እየተራቆተ ነው። መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ እይ። ደግሞ አንዳንድ ሰው ዲናሞ የሚፈትነው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው፤ እንዳታስነካቸው፣ ቮልቱ ድንገት ዘሎ ዳዮዱንም ኮምፒውተሩንም ያቃጥላል።

ለፍሪጁ የሲጋራ ማቀጣጠያውን ቀዳዳ እርሳው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የራሱን ገመድ ሳብ፣ 10 አምፔር ፊውዝ ባትሪው አጠገብ አድርግ፤ ፍሪጁ ጋ ካደረግከው በመሃል ገመዱ ቢላጥ እሳት ነው። ለአራት ሜትር ያህል 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይበቃል። ቁልፍ ስትዘጋ አብሮ እንዲጠፋ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገባበት።