የፈራች ድመት ስትቧጭር የሚሠሩ ስህተቶች

እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ሥር ትገባለች፤ ሊያወጧት እጅ ሲሰዱ ትቧጭራለች። ቤተሰቡም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ የምታደርግ ድመት ግን ብዙ ጊዜ ክፉ ሆና ሳይሆን ፈርታ ነው፤ ፍርሃቷን የምናባብሰውም እኛው ነን።

ከሁሉ የከፋው ከተደበቀችበት በግድ ማውጣት ነው። ድመት ስትፈራ መጀመሪያ የምትፈልገው መሸሽ ነው፤ ጥፍሯን የምታወጣው መሸሻ ስታጣ ነው። በመጥረጊያ እንጨት እየነካካን ስናስወጣት የቀረቻትን መሸሻ እንዘጋባታለን። ይተዋት፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ራሷ ትወጣለች። ጥግ ላይ በር የተቀደደለት ባዶ ካርቶን ማስቀመጥ ወጪ የለውም። እዚያ ስትገባ ማንም እንዳይነካት ለልጆች ይንገሩ።

መምታት፣ መጮህና ውኃ መርጨት የሚያስተምራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርስዎን መፍራት። ፍሽሽ ስላለች መቅጣት ደግሞ ይብሳል። ማስጠንቀቂያዋ ነውና እሱን ካስተዋት በቀጥታ ወደ መንከስ ትሄዳለች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ሲተኛ፣ የዓይኗ ብሌን ሲሰፋ እጅን መሰብሰብ ነው።

«ትልመድ» እያሉ አቅፎ ለእንግዳ መስጠትም አለ። በተለይ ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜዋ የሰው እጅ ያልለመደች ድመት በግድ አትላመድም። እንግዳው ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ዓይን ዓይኗን አይያት። ቁራጭ ሥጋ ራቅ አድርገው ያስቀምጡላት። ከበላች ርቀቱ ተስማምቷታል። ሥጋውን እያየች ካልበላች ግን በጣም ቀርበዋልና ወደ ኋላ ይበሉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መቅረብ ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ቢፈጅም ያዋጣል።

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ወይም በመስኮት የጎረቤት ድመት አይታ ስትቆጣ፣ ላባብላት ብለው አያንሷት። ያስደነገጣትን ስታጣ ያገኘችውን ትነክሳለች፤ እስክትረጋጋም ሰዓታት ሊወስድባት ይችላል።

እቅፍ የምትወድ ድመት በድንገት ከተለወጠች ጥርሷን ወይም መገጣጠሚያዋን አሟት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ንክሻን መናቅም ትልቅ ስህተት ነው። ጥርሷ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ይመስላል፤ ጀርሙ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታም ከድመት ይተላለፋል። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ድመቷ መከተብ አለመከተቧንም ለባለሙያው ይንገሩ።